የግራው ወንበር

ፍሰሃጽዮን ኣፅብሃ ከእንቅልፉ ሲነቃ የት አገር እንዳለ ለማወቅ መጀመሪያ ጣሪያውን ያያል። ሆቴል ከሆነ የጭስ መጠቆሚያዋ ቀይ መብራት ትታየዋለች፤ ቤቱ ከሆነ ዝናብ ያስገባው ቢጫ እድፍ አለ። ያን ቅዳሜ ረፋድ ያየው ቢጫውን እድፍ ነበር። ተመስገን አለ። መቀሌ አጠገብ ቁሓ ነው፣ የራሱ አልጋ ነው፣ ከግድግዳው ማዶ ደግሞ ሚስቱ የትምወርቅ የተማሪዎቿን ፈተና እያረመች ለልጃቸው ለሮሃ "ሽሽ! አባባ ተኝቷል" ትላለች።

እንግዲህ ጣጣውን ሁሉ ያመጣችው ይቺው "አባባ ተኝቷል" የምትባል ነገር ናት።

ሰውየው አብራሪ ነው። አራት ዓመት ሙሉ በትልቁ ጄት ቀኝ ወንበር ላይ፣ ማለትም በረዳት አብራሪነት፣ ዋሽንግተን፣ ፍራንክፈርት፣ ጓንዡ ሲመላለስ ኖሯል። ስሙ ሲጠራ ደስ ይላል። ኑሮው ግን፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የእንቅልፍ ኑሮ ነው። አዲስ አበባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ እዚያ ይተኛል፤ ውጭ አገር ሆቴል ይተኛል፤ በወር ሁለቴ መቀሌ ሲመጣ ደግሞ ሰውነቱ የየትኛውን አገር ሰዓት እንደያዘ ስለማያውቅ በጠራራ ፀሐይ ይተኛል። ባለፈው ሳምንት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ "ቤተሰባችሁን ሣሉ" ሲባል፣ የአምስት ዓመቷ ሮሃ እናቷን ጠመኔ ይዛ፣ አያቷን ሁለት ዱላ ይዘው፣ አባቷን ደግሞ አልጋ ላይ እስከ አገጩ ብርድ ልብስ አልብሳ ሣለችው። መምህርቷ ዳግማዊት ደግ ሰው ናትና ከሥዕሉ ሥር "ለባለቤትሽ ምሕረቱን ያውርድለት" ብላ ጽፋ ላከች።

የትምወርቅ ይህን ስታነብ በሳቅ ፈረሰች። ፍሰሃጽዮንም አብሯት ሳቀ። ኋላ ግን መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቧንቧውን ከፍቶ ቆመና ሆዱ ባባ። ልጁ ስትስለው ዓይኑን እንኳ አልሠራችለትም፤ በሁለት ሰረዝ ነው የዘጋችው።

ምርጫው የመጣው በዚሁ ሳምንት ነው። መሥሪያ ቤቱ ተራህ ደርሷል ብሎ በስልኩ ቅጽ ልኮለታል። ወይ በትልቁ ጄት ቀኝ ወንበር ላይ እንዳለ ይቀጥላል፤ ወይ ደግሞ ወደ ትንሿ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ተዛውሮ የግራውን፣ የካፒቴኑን ወንበር ይይዛል። ትንሿን ከመረጠ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ ሽሬ፣ መቀሌ ሲል ነው የሚውለው። በቀን አራት አምስቴ መነሣትና ማረፍ አለ፤ አበሉ ይቀንሳል፤ ወገብ ይንቀጠቀጣል። ግን ሰዓቱ የአገር ሰዓት ነው። በሳምንት ሁለቴም ከሰዓት በኋላ መቀሌ ገብታ የምታድር በረራ አለች፤ የእሷ ካፒቴን ከፈለገ ሆቴሉን ትቶ ቤቱ ያድራል። በትልቁ ልቆይ ካለ ደግሞ ክብሩም አበሉም አለ፤ የግራው ወንበር የሚደርሰው ግን ምናልባት ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ሮሃ ያኔ አሥራ ሁለት ይሆናታል። ቅጹ የሚዘጋው በዚያው ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር።

"አንቺ ምን ትያለሽ?" ብሎ የትምወርቅን ጠይቋት ነበር።

"እኔ አልመርጥልህም" አለችው፣ ቀይ እስክሪብቶዋን ሳትጥል። "ወገብህን ባመመህ ቁጥር የኔን ስም እንድትጠራ አልፈልግም። ግን ቤት ብታድር አልከፋም።"

የደብረ ብርሃን ሰው ናት፤ ከዚህ በላይ ከአፏ አይወጣም። እሱም ከገባው ቆይቷል። ልቡ ወደ ትንሿ ካዘነበለች ሰነባብቷል። ጣቱን የያዘው ሌላ ሰው ነው፤ አባቱ።

ኣቦይ ኣፅብሃን በአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ የማያውቅ የለም። ያረፈ አውሮፕላን ወደ መቆሚያው ሲመጣ፣ ከፊቱ ቆመው በሁለት ብርቱካናማ ዱላ "ና፣ ወደዚህ ታጠፍ፣ ቀስ፣ በቃ ቁም" እያሉ ቦታ የሚያስይዙት እሳቸው ናቸው። ሠላሳ ሦስት ዓመት ይህን ሠርተዋል። ቁሓ ውስጥ ሲሄዱም መኪና ወደ ኋላ የሚያወጣ ሰው ካዩ ዝም ብለው አያልፉም፤ ሳይጠየቁ ሁለት እጃቸውን ያነሣሉ። ለሰው ሁሉ የሚያወሩት አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ "የኔ ልጅ ትልቁን ነው የሚያበረው። ትልቁን!" ሲሉም እጃቸው ከአጥር እስከ አጥር ይዘረጋል። ታዲያ ይህን እጅ ማን በድፍረት ይሰበስበዋል?

በአባትና በልጁ መካከል የቆየች አንዲት ንትርክም አለች። መሐንዲስ ሁን ሲሉት አብራሪ ሆነ። ከሰፈር አግባ ሲሉት ከደብረ ብርሃን አገባ፤ በዚያውም የግቢው ቋንቋ ግማሹ አማርኛ ሆነ። ልጅቷን በእናቴ ስም ጥራልኝ ሲሉት ሮሃ አላት። "ይህ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ አንድ ቀን ታዝዞኝ አያውቅም" ይላሉ ኣቦይ ኣፅብሃ፤ በኩራት ይሁን በንዴት ግን እናቱም እስካሁን ለይታ አላወቀችውም።

ስለዚህ ለአባቱ ሳይነግር ዓርብ ማታ ለእናቱ ለኣደይ ለተገብርኤል ብቻ ሹክ አላት። ስህተት! ኣደይ ለተገብርኤል ምስጢር ትይዛለች፤ ብቻዋን መያዝ ነው የማትችለው። ቅዳሜ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ለጎረቤቷ ለወይዘሮ ሉላ "ልጄ ከትልቁ ወርዶ ትንሿን ሊይዝ ነው መሰለኝ፤ እንዳትናገሪ" አለቻት። ወይዘሮ ሉላም ቃሏን ጠብቃ አልተናገረችም፤ ለሚያዝኑለት ሰዎች ብቻ ነው ያካፈለችው።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ሉላ ትልቅ ሕምባሻ በጨርቅ ጠቅልላ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ገባች። ነጠላዋን እንደ ለቅሶ ለማዘቅዘቅ ትንሽ ነው የቀራት።

"አጆኻ ወደይ፣ አይዞህ ልጄ" አለችው፣ እጁን በሁለት እጇ ይዛ። "ዋናው ጤና ነው።"

"ምን ሆኖ?" አለ ፍሰሃጽዮን፣ ገና ፊቱን እንኳ አልታጠበም።

መልስ ሳታገኝለት የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያለው አቶ አስናቀ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዞ ደረሰ። አስናቀ የሸዋ ሰው ነው፤ ቁሓ ሃያ ዓመት ኖሯል፤ የሰፈሩ ወግ ደሙ ውስጥ ገብቷል። ቁሓ ደግሞ ሰው አንድ ነገር ከጎደለበት ብቻውን አይተውም፤ ላም ይሙትበት፣ ሥራ ይልቀቅ፣ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ አብሮ ዝም ይላል። አስናቀም ተቀመጠና ዝም አለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ፍሰሃ፣ እኔም ድሮ የከባድ መኪና ሾፌር ነበርኩ። ወርጄ ባጃጅ ነድቻለሁ። እንጀራ ነው። ምን አጥፍተህ ነው ግን?"

"ኧረ ጋሽ አስናቀ፣ ምንም አላጠፋሁም! የምመርጠው እኔ ነኝ። ካፒቴን ነው የምሆነው፣ አለቃ!"

"ልክ ነህ" አለ አስናቀ ራሱን እየነቀነቀ። ወይዘሮ ሉላም "ልክ ነው፣ ልክ ነው" አለች። ሐዘንተኛ ሲቀባጥር ሰው እንዲህ ነው የሚለው።

የትምወርቅ ከጓዳ በር ላይ ቆማ አፏን በመዳፏ ይዛለች፤ ትከሻዋ ይርገበገባል። ጉዳዩን ከድጡ ወደ ማጡ የከተተችው ግን መምህርት ዳግማዊት ናት። በፌስታል ብርቱካን ይዛ ገባች፤ የበሽተኛ ጥየቃ። ሰዎቹን አየች፣ ወሬውን ከወይዘሮ ሉላ በጆሮዋ ተቀበለች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ለካ ለዚህ ነው ያወረዱህ፤ በሽታው ነው!"

"የምን በሽታ?" አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ ፍሰሃጽዮን ጭምር።

ሥዕሉ ወጣ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ወይዘሮ ሉላ አልጋ ላይ የተጋደመውን ሰው አይታ ደረቷን ደቃች። ከዚህ በኋላ ማስረዳት የሚባል ነገር አከተመ። "ደህና ነኝ" ባለ ቁጥር ብርቱካን ይላጥለታል። ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ይወዳቸዋል፤ በዚያች ሰዓት ግን ሁሉንም ሰብስቦ ፍራንክፈርት ቢያደርሳቸው አይጠላም ነበር።

እንዲህ ሆነው ሳለ፣ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ ኣቦይ ኣፅብሃ ከሥራ ገቡ። አንጸባራቂ ሰደርያቸውን እንኳ አላወለቁም። ሳሎን ሙሉ ሰው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

"ማን ሞተ?" አሉ።

በመጨረሻ ወይዘሮ ሉላ ደፈረችና "ኧረ ሞትስ የለም፣ ኣቦይ ኣፅብሃ። ፍሰሃን ከትልቁ አውርደው ትንሿን ሰጡት" አለች።

ኣቦይ ኣፅብሃ ልጃቸውን አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። ዞረው ወጡ።

ፍሰሃጽዮን የወጡበትን በር እያየ ደነዘዘ። አፍሯል፤ ከዚያ በላይ ግን አባቱ በሰው ፊት አፈሩ ብሎ ልቡ ቆሰለ። በቃ፣ አለ በሆዱ። ሰው ለሰባት ዓመት እንቅልፍ አይሞትም። ስልኩን አውጥቶ ቅጹን ከፈተ። ጣቱን "ባለበት ይቀጥላል" ከሚለው ላይ አደረገ። ሊጫን ሲል ሮሃ በበሩ ሮጣ ገባችና ጉልበቱን ያዘች።

"አባባ፣ ኣቦሓጎይ ውጭ ቆመው ይጠሩሃል። ካልተኛህ ና ብለዋል።"

ኣቦይ ኣፅብሃ መንገድ ላይ ቆመዋል። ሲያዩት ፊት ፊት ሄዱ፤ እሱም ተከተለ። ከመንደሩ ወጥተው ከማረፊያው አጥር አጠገብ፣ መቆሚያው በግልጽ ከሚታይበት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ነፋሱ ሜዳውን እያበሰ ይመጣል።

"ለምን አልነገርከኝም?" አሉ።

"ያፍሩብኛል ብዬ ነዋ፣ ኣቦይ።"

"በምን?"

"በትንሿ። ትልቁን ያበራል እያሉ ለሰው ሁሉ..."

"ትልቁን ማን አይቶት ያውቃል?" ብለው አቋረጡት። "እዚህ አንድ ቀን አርፈህበት ታውቃለህ? እኔ የማወራው ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው። ያላየሁትን ነገር ነው የማወራው። ስጨርስ አፌ ደረቅ ይላል።"

በዚያን ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣችው የዘጠኝ ሰዓቷ ባለ ፕሮፔለር አርፋ፣ እየተንጠራወዘች ወደ መቆሚያው መጣች። ከፊቷ አንድ ወጣት ሁለት ዱላ ይዞ ቆሟል።

"ሠረቀብርሃን ነው" አሉ ኣቦይ ኣፅብሃ ፊታቸውን አጨፍግገው። "እጁን አያነሣም፣ ሰነፍ። ክንድህን ዘርጋ ብዬው ነበር። ... አሁን ታጠፈች አይደል? ማን ነው ያጠፋት?"

"ካፒቴኑ ነው።"

"የቀኙ ሰውዬስ?"

"በእሷ ላይ የመሬቱ መሪ በግራ በኩል ብቻ ነው ያለው። ቀኝ ያለው ሰው አየር ላይ ያበራል እንጂ መሬት ላይ አይነዳም።"

"እህ!" አሉ። "እኔ ታዲያ ሠላሳ ሦስት ዓመት እጄን ያወዛወዝኩት ለማን ነው? ለግራው ነዋ። ዓይኔ ከእሱ ላይ አይነሣም። ቀኝ የተቀመጠ ሰው መልኩ ምን እንደሚመስል ብትጠይቀኝ አላውቅም። አንተ ቀኝ ተቀምጠህ አፍንጫዬ ሥር ብትመጣ እንኳ ሳላይህ ነው የምታልፈው።"

ሰደርያቸውን ጎተት ጎተት አደረጉ።

"ስንቱ ታዘዘኝ" አሉ፣ ወደ አውሮፕላኗ እያዩ። "ጀነራል የጫነ ታዘዘኝ። ፈረንጅ ታዘዘኝ። በረራ የቆመ ጊዜ፣ ያን ሁለት ዓመት፣ ዱላዎቹን ቤት ወስጄ አልጋ ሥር አስቀምጬ፣ ጠዋት ጠዋት እወለውላቸው ነበር። እናትህ አበደ ብላ አልቅሳለች። እኔ በረራው ሲመለስ ማን ይቀበለዋል ብዬ ነው።" ቆም አሉና ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው "ሰኔ ሠላሳ ጡረታ ነኝ" አሉ።

ፍሰሃጽዮን በጣቱ ቆጠረ። ጥር ነው። ከመረጠ ሥልጠናው አምስት ወር ይፈጃል። ከቀና ይደርሳል፤ አንዲት ፈተና ከተስተጓጎለች አይደርስም።

"ምረጥ እያሉኝ ነው?"

"አልልህም" አሉ ኣቦይ ኣፅብሃ ተነሥተው አቧራቸውን እያራገፉ። "ብልህስ መቼ ትሰማኛለህ።"

እዚያው ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ የግራውን ወንበር ተጫነ። ደስ አለው፣ በቃ ደስ አለው፤ ልጅ ሆኖ ከትምህርት ቤት በር ሲወጣ እንደሚሰማው ያለ ደስታ ነበር። ቤት ሲመለሱ አጽናኞቹ ሕምባሻውን ራሳቸው ጀምረውት፣ ወሬው ሞቅ ብሎ ጠበቃቸው። ፍሰሃጽዮን እየሳቀ ገብቶ ከሁሉም ጋር ሲቆርስ አስናቀ ለወይዘሮ ሉላ በሹክሹክታ "ጎበዝ ልጅ ነው፤ ቶሎ ተጽናና" አላት።

ሥልጠናው ቀላል አልነበረም። ከቀኝ ወደ ግራ መዛወር ማለት የለመደ እጅን እንደገና ማስተማር ነው፤ ድሮ በቀኙ ያደርግ የነበረውን አሁን በግራው ያደርጋል፣ በግራው የነበረውን በቀኙ። በመለማመጃው ማሽን፣ በሲሙሌተር፣ ሞተር ጠፋበት፣ እሳት ተነሣበት፣ ጎማ ፈነዳበት፤ ሁሉንም አለፈ። ግንቦት ላይ የመጨረሻው ፈተና ሁለት ሳምንት ተገፋበትና ስልክ ደውሎ ለየትምወርቅ "አልደርስም" አላት። "ትደርሳለህ፣ ዝም ብለህ አጥና" አለችው፣ ተማሪ ይመስል። ኣቦይ ኣፅብሃ ግን አንድ ቀን እንኳ የት ደረስህ ብለው አልጠየቁም። ብቻ ኣደይ ለተገብርኤል፣ ምስጢር መያዝ አይሆንላትምና፣ ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ቀን በቀን እየሰረዙ እንደሆነ ነገረችው።

ሰኔ ሃያ አራት የካፒቴንነቱ ምልክት፣ አራተኛው መስመር፣ ትከሻው ላይ ወጣ። መቀሌ የምታድረው በረራ የደረሰችው ሰኔ ሃያ ዘጠኝ ነው። ኣቦይ ኣፅብሃ በዚያ ቀን ተራቸው የጠዋት ነበር። ከሠረቀብርሃን ጋር ተቀያየሩ፤ ለምን ብሎ ሲጠይቃቸው "ጠዋት ወገቤን ያመኛል" አሉት።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ዝናቡ አባርቶ ሜዳው አረንጓዴ ነበር። ፍሰሃጽዮን በቁሓ በኩል ዞሮ ወረደ። ነፋሱ ትንሽ ገፋው፤ አስተካክሎ አሳረፋት። ከማኮብኮቢያው ሲወጣ የግራ እጁን መሪው ላይ አደረገ። ከፊቱ፣ መቆሚያው ጫፍ ላይ፣ ሁለት ክንዶች ቀጥ ብለው ወደ ላይ ወጡ።

"ሰውየው ደግሞ ዘጥ ያሉ ናቸው" አለች ከቀኝ የተቀመጠችው ረዳቱ።

አባቱ ፊት ላይ ምንም ፈገግታ የለም። ደንቡን ነው የሚሠሩት። ዓይናቸውን ከግራው መስኮት ላይ ተክለው ና አሉት፤ መጣ። በቀኝ ዱላ እያመለከቱ በሌላው ታጠፍ አሉት፤ ታጠፈ። ቀስ አሉት፤ ፍሬኑን ነካ ነካ አደረገ። ጎማው ቢጫው መስመር ላይ ሲደርስ ሁለቱ ዱላዎች ከራሳቸው በላይ ተቆላለፉ። ቁም። ቆመ።

ደንቡ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ዱላው መውረድ ነበረበት። አልወረደም። ፕሮፔለሮቹ ዞረው ዞረው ዝም እስኪሉ፣ መሰላሉ እስኪጠጋ፣ ኣቦይ ኣፅብሃ ክንዶቻቸውን አቆላልፈው ቆሙ። ፍሰሃጽዮንም ከወንበሩ አልተነሣም። መስታወቱ ለምን ጭጋግ እንደሆነበት ያውቃል፤ ለረዳቱ ግን ዓይኑን እያበሰ "ነፋሱ" አላት።

ተሳፋሪው ወርዶ ሲያልቅ እሱም ወረደ። ከአጥሩ ማዶ የትምወርቅ ሮሃን ከፍ አድርጋ ይዛለች፤ ልጅቷ ሁለት እጇን እንደ አያቷ አንሥታ "ና! ና!" ትላለች። አባቱ ግን ወደ እሱ አልመጡም። ሠረቀብርሃን የእረፍት ሰዓቱን ትቶ ሊያይ ቆሞ ነበርና፣ ሄደው ትከሻውን ያዙት። ፊታቸውን በሰደርያቸው ጫፍ አበሱ።

"አየኸው አይደል?" አሉት፣ መቆሚያው ሙሉ እንዲሰማ። "ና አልኩት፣ መጣ። ቁም አልኩት፣ ቆመ።"